የአቅኚ ቤተሰቦችን የሕመምና የሐዘን ደብዳቤ እንዴት እናንብብ?

አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ጠበቃ ሆኖ ሲሠራ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1850 ለእንጀራ ወንድሙ ለጆን ጆንስተን ደብዳቤ ጻፈ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤው የሚጀምረው በጉዳይ ነው፤ ጆንስተን የፖስታ ማመላለሻ ኮንትራት ፈልጎ ነበርና ሊንከን 120 ዶላር ብሎ ጨረታውን እንዳስገባለት፣ ዋስ እንደሆነውም ይነግረዋል። መርዶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ነገሩ ምንም ስላላነሳህ ትንሹን ልጃችንን ማጣታችንን ገና አልሰማህም መሰለኝ ይላል፤ 52 ቀን ታሞ በዚህ ወር የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ሞተ፤ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ልጃችን ነው፤ በጣም ናፍቆናል። ይኸው ነው። ኤዲ አራት ዓመት ሊሞላው ከአንድ ወር ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ቀርቶት ነበር።

ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሄዱ ቤተሰቦች ደብዳቤ ጠባዩ እንዲህ ነው። አንድ ግዛት ውስጥ የሚኖር ዘመድ መርዶውን ሳይሰማ ሦስት ሳምንት ያልፋል። ሕመሙ በቀን ይቆጠራል። ሞት ከጨረታና ከከብት ዋጋ ጎን ይጻፋል። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በየግዛቱና በየካውንቲው የታሪክ ማኅበራት ሳጥን ሳጥን ሙሉ ተቀምጠዋል፤ በእጅ የተጻፈውን እያነበበ በኮምፒውተር የሚገለብጥ በጎ ፈቃደኛም ሁልጊዜ ይፈለጋል። አሜሪካ የሚኖር የእኛ ሰው በዚህ ሥራ ቢገባ ብዙ ይጠቅማል፤ የተማረውን መልሶ ለራሱ ቤተሰብ ደብዳቤ ሊያውለውም ይችላል። ወደ መጨረሻው ወደዚያ እመጣለሁ።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው። ሕመምና ሞትን በደብዳቤ የሚከታተል ቤተሰብ የሚጨነቀውም የሚጸልየውም አስቀድሞ በተቆረጠ ነገር ላይ ነው። «ልጁ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጽፈው አያት፣ ልጁ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆኖት ይሆናል። ይህን ልዩነት በቀን በቀኑ ያላሰላ አንባቢ ፊደሉን ሁሉ በትክክል ቢያነብም ቤተሰቡን አያገኘውም።

ቀኖቹን አስቀድሙ

አንድ መዝገብ ክፈቱና ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አራት ቀን አስገቡ። ደብዳቤው የተጻፈበት፣ ፖስታ ቤቱ ማኅተም የመታበት፣ ተቀባዩ እጅ የገባበት፣ እና በደብዳቤው የተነገረው ነገር የተፈጸመበት። ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ በጀርባው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተቀባዮች ደብዳቤውን አጥፈው ሲያስቀምጡ የደረሰበትንና መልስ የሰጡበትን ቀን በትንሽ ጽሕፈት ያሰፍሩ ነበር። ጀርባውን ፎቶ ሳያነሱ የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ ያ ደግሞ ከደብዳቤው ግማሹን መጣል ነው። አራተኛው ቀን የሚረሳው ነው፤ ዋናው ግን እሱ ነው።

በዘመኑ «5 ኢንስት» ማለት የያዝነው ወር 5ኛ ቀን ነው። «28 አልት» ማለት ያለፈው ወር 28ኛ ቀን ነው። ስለዚህ ኖቬምበር 12 በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ «በ28 አልት አረፈች» ቢል ሞቷ ኦክቶበር 28 ነው። ይህችን አጭር ቃል ያላየ ሰው ሟችን አንድ ወር አዘግይቶ ይመዘግብና፣ ቀብሯ ከሞቷ የቀደመ ይመስላል። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ የወራቱን ስም ትተው «3ኛ ወር፣ 5ኛ ቀን» ብለው ይጽፋሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤ ይህ ማርች 5 ነው። የጃንዋሪ ደብዳቤዎችን ሁልጊዜ ተጠራጠሩ፤ ሰው በልማድ ያለፈውን ዓመት ይጽፋል። በውስጡ «ትናንት እሑድ» የሚል ካለ የዚያን ዓመት ካሌንደር አውጥታችሁ አመሳክሩ።

ብዙ ደብዳቤ በአንድ ቀን አልተጻፈም። እናት እሑድ ትጀምረዋለች፤ ሕፃኑ ትንሽ ትኩሳት እንዳለው ትጽፍና ታቋርጣለች። ከታች ቀለሙ ይቀየራል፣ ፊደሉም ይዘበራረቃል። ሐሙስ ሆኗል። በዚህ ቦታ አዲስ ቀን መዝግቡ፤ እንደ ሁለት ደብዳቤ ቁጠሩት። አለዚያ በራስጌው ቀን ተመርታችሁ፣ ሕፃኑ ገና ደህና በነበረበት ዕለት መሞቱን ትጽፋላችሁ።

ቀን የሌለው ደብዳቤ ሲገጥማችሁ የፖስታ ዋጋው ይረዳል። ከ1845 አጋማሽ በፊት ዋጋው በርቀትና በወረቀት ብዛት ነበር፤ ከ400 ማይል በላይ ለሄደ አንድ ወረቀት 25 ሳንቲም ይከፈል ነበር፣ ሁለት ወረቀት ከሆነ እጥፉ። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ከ1845 በኋላ በክብደት ሆነ፤ እስከ 300 ማይል 5 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ 10። ቴምብር በ1847 ወጣ። በ1851 አስቀድሞ ለተከፈለበት ደብዳቤ እስከ 3,000 ማይል ድረስ 3 ሳንቲም ሆነ፤ ከ1855 ጀምሮ ላኪው አስቀድሞ እንዲከፍል ግዴታ መጣ፤ በ1883 ዋጋው 2 ሳንቲም ወረደ። ስለዚህ በጀርባው ላይ በብዕር «25» ተጽፎ ቴምብርም ፖስታም የሌለው ወረቀት ካያችሁ፣ ከ1845 አጋማሽ በፊት ከሩቅ የመጣ መሆኑን መገመት ትችላላችሁ።

የመጓጓዣው ፍጥነት ደግሞ ሌላው መለኪያ ነው። ናርሲሳ ዊትማን ከባሏ ጋር በ1836 ከኒውዮርክ ግዛት ተነስታ ዛሬ ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት፣ ዋላ ዋላ አጠገብ ዋይላትፑ በምትባል ቦታ ሚስዮን መሠረተች። ደብዳቤዋ ወይ ከእንስሳ ፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ጋር በየብስ፣ ወይ በመርከብ ደቡብ አሜሪካን ዞሮ ነበር የሚሄደው። አንድ ጥያቄ ልካ መልሱን ለማግኘት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ልጇ አሊስ ክላሪሳ በሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ፣ ጁን 23 ቀን 1839፣ ወንዝ ገብታ ሞተች። እንዲህ ባለ ርቀት ላይ አያቶች ለሕያው የልጅ ልጅ የጻፉት ሰላምታ ልጅቷ ከተቀበረች ከብዙ ወር በኋላ ሊደርስ ይችላል። የእንዲህ ያሉ ሰዎችን ደብዳቤ ስትገለብጡ የሁለቱን ወገን ደብዳቤ በተጻፈበት ቀን ብቻ አትደርድሩ። በደረሰበት ቀንም ለብቻ ደርድሩና አንብቡት፤ የአንድ ቤት ሐዘን በምን ቅደም ተከተል እንደወረደ የሚታየው ያኔ ነው።

ነገሩ ቶሎ የተቀየረው በ1860ዎቹ ነው። የፈረስ ፖስታው፣ ፖኒ ኤክስፕረስ፣ ከኤፕሪል 1860 እስከ ኦክቶበር 1861 ድረስ ብቻ ሠርቶ ከሚዙሪ ካሊፎርኒያ በ10 ቀን ገደማ ያደርስ ነበር፤ ዋጋው ግን መጀመሪያ ላይ ለግማሽ አውንስ 5 ዶላር ስለነበር የገበሬ ቤተሰብ መርዶ በእሱ አልተላከም ማለት ይቻላል። ቴሌግራፍ በኦክቶበር 1861፣ ባቡር በሜይ 1869 ዳር እስከ ዳር ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ «ታሟል» የሚለው በቴሌግራም፣ ዝርዝሩ በደብዳቤ መሆን ይጀምራል። ስለዚህ የ1870ዎቹ ደብዳቤ ሞቱን ራሱን ሳይናገር በቀጥታ ወደ ቀብሩ ቢገባ አይግረማችሁ፤ የጠፋ ቴሌግራም ሊኖር ይችላል።

ጽሕፈቱን ማንበብ

ወረቀት በቁጥር ሲከፈልበት ሰው አንዲቱን ወረቀት እስኪበቃው ይሞላት ነበር። አግድም ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ሩብ ዙር አዙሮ በላዩ ላይ እንደገና ይጽፋል። መጀመሪያ ስታዩት መረብ ይመስላል። አነባበቡ ቀላል ነው፤ በደንብ ፎቶ አንሱ፣ ምስሉን ወደ 200 በመቶ አሳድጉ፣ አንዱን አቅጣጫ ብቻ እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ ከዚያ ምስሉን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ሁለተኛውን። የአንድ መስመር ያህል ክፍተት የተቆረጠበት ካርቶን መስመሩ ላይ ቢደረግ ዓይን አይባዝንም። ሁለቱን አቅጣጫ እያቀላቀለ የሚያነብ ሰው ግን ያልተጻፈ ነገር ያነባል።

የንብርብሩ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። በላይ የተጻፈው የኋለኛው ነው፤ ከእሱም በኋላ በኅዳጉ ላይ፣ በማኅተሙ ክዳን ሥር፣ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ተገልብጦ የተጻፈው ይመጣል። ሰው መጥፎውን ወሬ ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፤ ወይም ወሬው የሚመጣው ደብዳቤው ሊታሸግ ሲል ነው። ስለዚህ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ሙሉ ገጽ ያነበበ ሰው፣ በኅዳጉ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ሳያይ ቢያስቀምጠው የደብዳቤውን ልብ ትቶታል። ማኅተሙ ሲቀደድ የወሰደው ቀዳዳም አለ። እዚያ የጎደለውን ቃል በግምት አትሙሉት፤ በቅንፍ «ተቀዷል» በሉ።

ከፊደሎቹ ብዙ የሚያሳስተው ሁለት ኤስ በተከታተለበት ቦታ የመጀመሪያው ረጅም ሆኖ ኤፍ መምሰሉ ነው። ከስሞች ደግሞ አጽሕሮተ ቃላቱ ናቸው፤ በእንግሊዝኛው ጄ፣ ኤን፣ ኦ ብቻ ተጽፎ ብታዩ ጆን ነው፤ ደብሊውና ከፍ ያለች ኤም ዊሊያም ናት፤ ጄ፣ ኤ፣ ኤስ ደግሞ ጄምስ ነው። የሆሄ ስህተቱን አታርሙ። በጆሮው የጻፈ ሰው እንዴት ይናገር እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው፤ ሐዘን ሲይዘው ሆሄው ከወትሮው መበላሸቱም ይታያል።

ዝምድናውን እንዳለ አትቀበሉ። ሊንከን ጆንስተንን «ውድ ወንድሜ» ነው የሚለው፤ ነገር ግን በሥጋ አይዛመዱም፣ የእንጀራ እናቱ ልጅ ነው። «እናቴ» የባል እናት ልትሆን ትችላለች፤ «ወንድም» የእህት ባል ወይም የቤተ ክርስቲያን ወንድም ይሆናል። የእኛ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ጋሼና እትዬ ስንል ያደግን ነንና።

የበሽታ ስሞች

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። በደብዳቤው ያለውን ስም እንዳለ ጻፉ፤ የዛሬውን ስም ለብቻ በማስታወሻ አስቀምጡ፤ ሁለቱን ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ያኔ በሽታ የሚሰየመው በሚታየው ምልክት ስለነበር አንዱ ስም ብዙ በሽታ ሊይዝ ይችላል።

«ኤግዩ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወባ ነው። በኢሊኖይ፣ በኢንዲያና፣ በሚዙሪ፣ በወንዝ ዳር ሰፈሮች ሁሉ ነበር። ብርድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ላብ፤ ከዚያ አንድ ቀን ደህና ሆኖ በማግሥቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ ሥራውንም ጉብኝቱንም በዚህ ዙር ያደላድለው ነበር። ደብዳቤ ደግሞ የሚጻፈው በደህናው ቀን ነው። ስለዚህ ጽሕፈቱ ቀጥ ማለቱ፣ «ዛሬ ተሽሎኛል» ማለቱም ከበሽታው ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም። የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ተለይቶ የወጣው በ1820 በፈረንሳይ ነው፤ በሚዙሪ ዶክተር ጆን ሳፒንግተን ከ1832 ጀምሮ ኩዊኒን ያለበት ክኒን በሰፊው ሸጧል። «ክኒኖቹን ወሰድኩ» ሲሉ ይህን የመሰለ ነገር ነው። ካሎሜል ግን ሌላ ነው፤ የሜርኩሪ ውሕድ ነው። ለሁሉ በሽታ ይሰጡት ነበር፤ ምራቅ እንደ ጅረት ማውረዱን፣ ድድ ማቁሰሉን፣ ጥርስ ማርገፉን መድኃኒቱ የመሥራቱ ምልክት አድርገው ይጽፉታል። ደብዳቤው ስለ አፍ ቁስልና ስለ ጥርስ መርገፍ ካወራ፣ ያ የበሽታው ሳይሆን የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል በማስታወሻ ጻፉ።

«የወተት በሽታ» የሚሉት በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በኢሊኖይ ጫካዎች ብዙ ቤት ዘግቷል። የሊንከን እናት ናንሲ ሃንክስ በዚሁ በሽታ ኦክቶበር 5 ቀን 1818 ሞተች ይባላል፤ ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ነጭ አበባ ያላት የጫካ ተክል ናት። ግጦሽ ሲደርቅ ላሞች ጫካ ገብተው ይበሏታል፣ መርዙ በወተቱ ወደ ሰው ያልፋል፤ ላሞቹም ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ የበጋ መጨረሻና የመጸው ደብዳቤ ከብት እየተንቀጠቀጠ መሞቱን ካነሳ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት በዚያ ቤት ወይም በጎረቤት ማን እንደታመመ ፈልጉ።

«ኮንሰምፕሽን» የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚገድል ስለሆነ የብዙ ዓመት ደብዳቤ ውስጥ ትከታተሉታላችሁ። «ላንግ ፊቨር» የሳንባ ምች ነው። «ፍላክስ» ተቅማጥ፣ ደም ካለበት የደም ተቅማጥ። «ሰመር ኮምፕሌይንት» ሕፃናትን በሙቀት ወራት የሚጨርስ ተቅማጥ። «ፑትሪድ ሶር ስሮት» ብዙ ጊዜ ዲፍቴሪያ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሦስትና አራት ልጅ ከአንድ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱንና ቀይ ትኩሳትን ነው። ኮሌራ ስሙ አይደበቅም፤ በ1849 እና በተከታዮቹ ዓመታት በኦሪገንና በካሊፎርኒያ መንገድ ላይ ጠዋት ደህና የነበረውን ማታ ያስቀብር ነበር።

የሴቶች ሕመም በተሸፈነ ቃል ይጻፋል። ሊንከን ጃንዋሪ 12 ቀን 1851 ሚስቱ ታማ መተኛቷን ሲጽፍ የሕፃን ሕመም ነው፣ አደገኛ አይመስለኝም ይላል፤ ልጃቸው ዊሊ የተወለደው ዲሴምበር 21 ቀን 1850 ነው። «ታማለች» የምትባል ወጣት ሚስት ስታገኙ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት የተወለደ ልጅ ፈልጉ። ልጅ ከሌለ፣ እሷም ከዚያ በኋላ ካልጻፈች፣ መልሱ ብዙ ጊዜ መቃብር ቦታ ላይ ነው።

የምታነቡትን የምታመሳክሩበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። በ1850፣ በ1860፣ በ1870 እና በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ፣ ከቆጠራው በፊት እስከ ሜይ 31 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የሞቱትን የያዘ ልዩ መዝገብ ተሠርቷል። ስም፣ ዕድሜ፣ የሞቱበት ወር፣ ምክንያቱ ይገኝበታል፤ በ1850ውና በ1860ው ሕመሙ የፈጀው ቀንም አለ። ኤዲ ሊንከን በ1850ው መዝገብ ላይ ሥር በሰደደ ኮንሰምፕሽን እንደሞተ ሰፍሯል። መዝገቡ ግን ብዙ ሰው አምልጦታል፤ ስም አለመገኘቱ ሰውዬው አለመሞቱን አያሳይም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሰፋሪዎች ደብዳቤ የሰፋሪዎችን ሬሳ ብቻ ነው የሚቆጥረው። በ1847 በዋይላትፑ ኩፍኝ ሲገባ ከአገሩ ባለቤቶች ከካዩስ ሕዝብ ብዙ ሰው ረግፏል፤ ከዚያ በኋላ ኖቬምበር 29 ናርሲሳና ባሏ ተገደሉ። የዚያን ሕዝብ ልቅሶ በደብዳቤ አናገኘውም። ስትገለብጡ ስለ እነሱ የተጻፈውን እያንዳንዱን መስመር፣ አነጋገሩ የሚያስከፋም ቢሆን፣ ሳታለዝቡ አስቀምጡት።

የሞት ደብዳቤ የያዘውና ያልያዘው

መርዶ የያዘ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከውጭ ይታወቃል፤ ማኅተሙ ጥቁር ሰም ነው፣ ኋላ ኋላ ደግሞ የወረቀቱና የፖስታው ጠርዝ በጥቁር ይከበባል። ጥቁሩ ጠርዝ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ሰፊ ሆኖ ጊዜ ሲሄድ ይጠብባል። ስለዚህ የጠርዙን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክታችሁ መዝግቡት፤ ቀን የሌላቸውን ደብዳቤዎች ለመደርደር ይረዳል። በድንበር አገር ያለ ድሃ ቤተሰብ ግን ልዩ ወረቀት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

በውስጡ የሚጻፈው ሥርዓት አለው። በስንት ሰዓት እንደሞተ፣ ማን አብሮት እንዳደረ፣ መጨረሻ ምን እንዳለ፣ በእምነቱ መጽናቱ፣ መሠቃየት አለመሠቃየቱ፣ የት እንደተቀበረ፣ በቀብሩ ላይ የተነበበው ጥቅስ። ይህ ሁሉ የሚጻፈው ሩቅ ያለው ሰው አልጋው አጠገብ መቆም ስላልቻለ ነው። አንዳንድ ገልባጭ «የተለመደ ነው» ብሎ ያሳጥረዋል፤ አታሳጥሩ። በተለይ የመቃብሩን ቦታ ቃል በቃል ጻፉ። «ከቤቱ በስተምሥራቅ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር» የሚል ዓይነት መስመር የዚያ ሰው መቃብር ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ የእንጨቱ ምልክት ከበሰበሰ ቆይቷልና።

ከወረቀቱ ጋር የሟች ፀጉር ጉንጉን ወይም የደረቀ አበባ ሊገኝ ይችላል። ከነበረበት እጥፋት ሳትለዩ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ የደብዳቤውን ቁጥር ጻፉበት። የሟች ልጅ ስም ለሚቀጥለው ልጅ መሰጠቱም የተለመደ ነበር። ስለዚህ በ1852 የሞተው ሄንሪ በ1856 ኩፍኝ ያዘው ብሎ ደብዳቤው ቢነግራችሁ ስህተት ነው ብላችሁ አትሰርዙ፤ ሁለት ሄንሪዎች ናቸው።

ዝምታው ከሚነገረው ይበልጥ ሥራ ይጠይቃል። ያንኑ የጃንዋሪ 12 ቀን 1851 ደብዳቤ ተመልከቱ። ሊንከን ከትናንት ወዲያ ከዘመዱ ከሃሪየት ደብዳቤ እንደደረሰው ይናገራል፤ ሃሪየት አባቱ በጣም እንደደከሙና መዳናቸው እንደሚያጠራጥር ጽፋለታለች። ጆንስተን ሁለት ደብዳቤ ልኮ መልስ ማጣቱ እንደገረመውም ነግራዋለች። ሊንከን ሁለቱም እንደደረሱት ያምናል፤ ያልመለሰው ረስቶ ሳይሆን የሚጠቅም ነገር መጻፍ የሚችል ስላልመሰለው ነው። ሐኪም ለማምጣት ካስፈለገ በስሜ ከመጠቀም እንዳልተቆጠብክ እርግጠኛ ነኝ ይላል፤ መምጣት እንደማይችል ይናገራል፤ አሁን ብንገናኝ ከሚያስደስተን ይልቅ የሚያሳዝነን ይመስለኛል ይላል። አባቱ በአምስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 17፣ ሞቱ። ከአንድ ደብዳቤ የሦስት ሌሎች ደብዳቤዎች ዱካ ተገኘ። ለእንዲህ ያሉት በመዝገባችሁ ላይ ቦታ ስጧቸው፤ «ያልተገኘ፣ ከጆንስተን፣ ከጃንዋሪ 12 በፊት» ብላችሁ በቅደም ተከተላቸው አስገቧቸው። መልስ አለመስጠትን ደግሞ በችኮላ ጭካኔ ነው አትበሉ። የፖስታ ዋጋ ማጣት፣ የወንዝ ሙላት፣ የጸሐፊው በሽታ፣ በቤቱ ጽሕፈት የሚችል ሰው መጥፋት፣ በቃል የተላከ መልእክት፣ ሁሉም ዝምታ ይመስላሉ። ያኔ ለገጠር ቤት ደብዳቤ ደጅ ድረስ አይመጣም ነበር፤ ነፃ የገጠር ዕደላ የተጀመረው በ1896 ነው። ከዚያ በፊት ፖስታ ቤት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ደብዳቤው እዚያው ይከርማል።

ወረቀቱን መያዝ

እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፤ ጠረጴዛው ላይ እርሳስ ብቻ ይሁን፣ ብዕርም ቡናም አይኑር። የታጠፈው እንቢ ካለ በግድ አትዘርጉት፤ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። የጥንቱ ጥቁር ቀለም ብረት ስላለበት ጊዜ ሲሄድ ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላዋል፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። በውኃ ወይም በእንፋሎት ለማቃናት መሞከር ደብዳቤ የሚጠፋበት ዋና መንገድ ነው፤ ያን ለባለሙያ ተዉት። ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ፣ ቴምብሩን ቆርጣችሁ አታውጡ። ፎቶ ስታነሱ ከመስኮት በሚገባ ለስላሳ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፤ የደበዘዘ ጽሕፈት ካለ መብራቱን ከጎን አዘቅዝቃችሁ አንድ ተጨማሪ አንሱ፣ ብዕሩ የፈጠረው ጎድጓዳ ይታያል። ማስቀመጫው ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ክፍል ይሁን፤ ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አይሆንም።

የእኛው ሳጥን

ስልክ ርካሽ ከመሆኑ በፊት፣ በተለይ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ፣ ከአገር ቤት ወደ ካርቱም፣ ወደ ሮም፣ ወደ ዋሽንግተን የተላኩ ደብዳቤዎች በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት አልጋ ሥር አሉ። አሠራሩ ያው ነው፤ ችግሩ ግን በሌላ በኩል ይመጣል። እኛ ዘንድ መርዶ ለባለ ሐዘኑ በቀጥታ አይጻፍም። ለሚቀርበው ወዳጅ ወይም ለሽማግሌ ይጻፋል፤ እነሱ ተሰብስበው በጠዋት ሄደው ያረዱታል። ስለዚህ ለባለ ሐዘኑ ለራሱ በተላኩት ደብዳቤዎች ውስጥ ሞቱን ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። «ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን» የሚለው ሳይጓደል ይቀጥላል፤ ብቻ «እናትህ ሰላም ትልሃለች» የሚለው አንድ ቀን ይቀራል። የሰላምታውን ዝርዝር በየደብዳቤው ቆጥራችሁ፣ የማን ስም መቼ እንደወጣ መዝግቡ። እውነተኛውን ደብዳቤ ደግሞ መርዶውን ያደረሰው ወዳጅ ቤት ጠይቁ።

ዓመቱን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ጨምሩ። ቀን ካልተጻፈ በዓሉን ተመልከቱ፤ የሚካኤል ዕለት ካለ 12፣ የገብርኤል 19፣ የማርያም 21፣ የጊዮርጊስ 23፣ የመድኃኔ ዓለም 27 ነው፤ ወሩን ከሌላው ወሬ ታገኙታላችሁ። «አርባዋን አወጣን» የሚል ካለ ከዚያ ዕለት 40 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሰማንያና ሙት ዓመትም እንዲሁ ሞቱ የደረሰበትን ቀን ያቀርባሉ፤ ድግሱ በምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል «ገደማ» ብላችሁ መዝግቡ። በሰው እጅ የመጡት የፖስታ ማኅተም ስለሌላቸው ማን እንዳመጣቸው ራሱ መረጃ ነው፤ «በእገሌ እጅ» የሚለውን አትዝለሉ።

በስስ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው በብርሃን ይጠፋል፣ ስለዚህ ከፎቶው ሥራ በፊት መስኮት ዳር አታሰንብቱት። የገለበጣችሁትን ለአዛውንት ጮክ ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ራሳችሁ እስከ ኅዳጉ ድረስ ጨርሱት፤ ያልተረዳ መርዶ ሊኖርበት ይችላል። ካለበት ለብቻችሁ አታንብቡ፤ የቤተሰቡን ቅርብ ሰው አስቀድማችሁ አማክሩ።